ዊኪፔዲያን እስከ ጓዳው፦ አካውንት ለሌለው አንባቢ

የአማርኛ ዊኪፔዲያን ሲከፍቱ ከገጹ አናት በስተቀኝ አካውንት እንዲከፍቱ ወይም እንዲገቡ የሚጋብዙ ቃላት ያያሉ። ለዚህ መመሪያ አያስፈልጉዎትም፤ ይለፏቸው። ስም፣ ስልክም ሆነ ኢሜይል ሳይሰጡ ጽሑፉን ከማንበብ አልፈው ብዙ ነገር ማየት ይችላሉ፦ መቼ እንደተጀመረ፣ ማን ምን እንደጨመረና እንደሰረዘ፣ ጸሐፊዎቹ በየትኛው ነጥብ እንዳልተስማሙ፣ ስለዚያው ጉዳይ በሌላ ቋንቋ ምን እንደተባለ። ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 15 ቀን 2001 የጀመሩት ይህ መዝገበ ዕውቀት አብዛኛውን መሣሪያውን ዛሬም ለማንም አላፊ አግዳሚ ክፍት አድርጎ ይዟል።

ችግሩ መሣሪያዎቹን የሚነካቸው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ብዙው አንባቢ ከጉግል ይመጣል፣ የመጀመሪያውን አንቀጽ ያነባል፣ ይወጣል። ማንም ሊያርመው የሚችል ጽሑፍ ሲሆን ይህ አነባበብ ሳሎኑን ብቻ አይቶ ስለ ቤቱ እንደመፍረድ ነው፤ ጓዳው ክፍት ሆኖ ሳለ። የቤት ሥራ የሚሠራ ተማሪ፣ ቀን የሚያጣራ ጋዜጠኛ፣ ልጁን የሚያስጠና ወላጅ፣ ሁሉም ከዚህ በታች ያሉትን ጥቂት መንገዶች ቢለምዱ የሚያነቡትን ነገር ክብደት ራሳቸው መመዘን ይችላሉ። እዚህ የምጠቅሳቸው የአዝራር ስሞች በስልክና በኮምፒውተር፣ በአሮጌውና በአዲሱ የገጽ አቀማመጥ መጠነኛ ልዩነት ሊኖራቸው ስለሚችል ከስሙ ይልቅ ሥራውን ይያዙ።

ገጹን ለዓይንዎ ያመቻቹ

አድራሻው በእንግሊዝኛዎቹ ኤ እና ኤም ፊደላት ይጀምርና ዊኪፔዲያ ዶት ኦርግ ብሎ ይጨርሳል። በኮምፒውተር ከከፈቱት በስተግራ አናት ላይ ሦስት አግድም መስመሮች አሉ፤ ዋናው ማውጫ እዚያ ውስጥ ነው። ከጽሑፉ ርዕስ ሥር በአንድ ወገን ጽሑፉና «ውይይት»፣ በሌላው ወገን ማንበቢያው፣ ማረሚያውና «ታሪክ» ተደርድረዋል። ከእነዚህ ጎን የመሣሪያዎች ዝርዝር አለ፤ በአሮጌው አቀማመጥ ይህ ዝርዝር በገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ወደታች ተዘርግቶ ይገኛል።

ፊደሉ ካነሰብዎት የገጹን ገጽታ የሚቀይረውን ምርጫ ይፈልጉ። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አካውንት የሌለው አንባቢም የፊደሉን መጠን ማሳደግ፣ የጽሑፉን ወርድ ማስፋት፣ ማታ ሲያነብ ጥቁር መደብ መምረጥ ችሏል። ምርጫዎ የሚቀመጠው በብሮውዘርዎ ውስጥ ስለሆነ የብሮውዘሩን መረጃ ሲያጠፉ ወይም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲቀመጡ እንደገና መምረጥ ይኖርብዎታል።

በስልክ የሚያነቡ ከሆነ አንድ ነገር ይወቁ። የስልኩ ገጽ ለንባብ ያመቻል እንጂ ከመሣሪያዎቹ ብዙዎቹን ይደብቃል። ወደ ገጹ ታችኛ ጫፍ ይውረዱና የኮምፒውተሩን ዕይታ የሚሰጠውን ሊንክ ይጫኑ። ፊደሉ ያንሳል፤ በጣትዎ እያሰፉ ማንበብ ግድ ነው። ነገር ግን ቀጥሎ የምናያቸው ነገሮች በሙሉ የሚገኙት እዚያ ነው።

ፍለጋ፣ በፊደላችን ጠባይ

የአማርኛ ዊኪፔዲያ ተጠቃሚ ተስፋ የሚቆርጠው በፍለጋ ላይ ነው። ጽሑፉ እያለ «የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፊደላችን ጠባይ የሚመነጭ ነው።

አንደኛው ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ጸሐፊው «ዓድዋ» ብሎ ጽፎ እርስዎ «አድዋ» ብለው ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ሌላው ደግሞ «ዐድዋ» ብሎ ጽፎት ይሆናል። የንጉሠ ነገሥቱን ስም «ኃይለ ሥላሴ»፣ «ኀይለ ሥላሴ»፣ «ሀይለ ስላሴ»፣ ወይም ሳይነጠል «ኃይለሥላሴ» ብለው የሚጽፉ አሉ። ለታወቁ ርዕሶች ከአንዱ አጻጻፍ ወደ ሌላው የሚያሻግር ገጽ የተሠራላቸው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ለብዙዎቹ ግን ማንም አልሠራላቸውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሙከራ ካላገኙ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፤ ሰና ሠን፤ አና ዐን፤ ጸና ፀን እያፈራረቁ ይሞክሩ። ቃሉን ነጥለውም ገጥመውም ይጻፉት።

ሁለተኛው የቃላቱ መርባት ነው። አማርኛ ከቃሉ ፊትም ኋላም ይቀጥላል፤ መጨረሻው ፊደል ራሱ ይለወጣል። «መንግሥት» ብለው ሲፈልጉ «መንግሥቱ» ወይም «መንግሥታት» የሚለው ሊያመልጥ ይችላል። መፍትሔው ቃሉን ከመጨረሻው ፊደል በፊት ቆርጦ ኮከብ ማድረግ ነው፦ መንግሥ* ብለው ይጻፉ። ኮከቡ «ከዚህ በኋላ የመጣው ይምጣ» ማለት ነው። ከቃሉ ፊት ግን አይሠራም። ስለዚህ በ፣ ለ፣ ከ፣ የ የሚሉትን ቅጥያዎች ራስዎ መጨመር አለብዎት፦ የመንግሥ* ፣ በመንግሥ* እያሉ ለየብቻ ይፈልጉ። አድካሚ ይመስላል፤ ሆኖም ለጥናት የሚፈልግ ሰው በዚህ የሚያገኘው በርዕስ ብቻ ከሚያገኘው እጅግ ይበልጣል።

አንድ ሐረግ እንዳለ ሳይፈታ እንዲገኝልዎት ከፈለጉ በእንግሊዝኛው ቀጥ ያለ ጥቅስ ውስጥ ያስገቡት፤ የእኛን «» አይጠቀሙ። የማይፈልጉት ቃል ካለ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያድርጉ፦ አክሱም -ጽዮን ብለው ቢጽፉ ጽዮን የሚለው ቃል የሌለባቸውን ገጾች ብቻ ያመጣል። የጻፉት ቃል ከአንድ ርዕስ ጋር በትክክል ከገጠመ ፍለጋው ዝርዝር ሳያሳይ በቀጥታ ወደዚያ ጽሑፍ ይወስድዎታል። ዝርዝሩን ከፈለጉ ሲጽፉ ከሥር ከሚመጡት ጥቆማዎች የመጨረሻውን፣ ማለትም ቃሉን የያዙ ገጾች እንዲፈለጉ የሚያዘውን ይምረጡ።

ለውጭ አገር ሰዎችና ቦታዎች ስም ሌላ አቋራጭ አለ፤ እኔ ከሁሉ የምመርጠው ይህን ነው። «አይንስታይን» ተብሎ ይጻፍ «አይንሽታይን» ለማወቅ ከመገመት ይልቅ እንግሊዝኛውን ዊኪፔዲያ ከፍተው ሰውየውን በላቲኑ ስሙ ያግኙ፤ ከዚያ ከርዕሱ ጎን ያለውን የቋንቋዎች አዝራር ተጭነው አማርኛን ይምረጡ። የአማርኛ ጽሑፍ ካለው አጻጻፉ ምንም ይሁን ምን በቀጥታ ይደርሱበታል። አማርኛ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ አልተጻፈም ማለት ነው፣ ወይም አልፎ አልፎ ከሌሎቹ ቋንቋዎች ጋር አልተያያዘም።

የአማርኛ ኪቦርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጠው ከሆነ የፍለጋውን ሣጥን ሲጫኑ አጠገቡ ትንሽ የኪቦርድ ምልክት ብቅ ማለት አለማለቱን ይመልከቱ። ካለ ይጫኑትና አማርኛን ይምረጡ፤ በላቲን ፊደል ድምፁን ሲጽፉ ወደ እኛ ፊደል ይለውጥልዎታል። ኮንትሮልና ኤምን አንድ ላይ ሲጫኑ ይጠፋል፤ መልሰው ሲጫኑ ይመለሳል። ምንም ፕሮግራም አውርዶ መጫን አያስፈልግም፤ ውጭ አገር በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ለሚጠቀም ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«ታሪክ» የሚለውን ይጫኑ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። እያንዳንዱ ጽሑፍ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የተደረገበት ለውጥ በሙሉ ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ ለማየት አካውንት አይጠየቅም። በስልክ ገጽ ከጽሑፉ ግርጌ መጨረሻ የታረመበትን ጊዜ የሚናገረውን መስመር ቢጫኑ ወደዚያው ይወስድዎታል።

የሚከፈትልዎት ዝርዝር ነው፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች። በየመስመሩ ቀንና ሰዓት፣ ያረመው ሰው ስም፣ የጽሑፉ መጠን፣ ለውጡ ስንት እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ የሚያሳይ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቁጥር፣ እድለኛ ከሆኑም ለምን እንዳረመ የሚገልጽ አጭር ማብራሪያ አለ።

ቀኑ የሚቆጠረው በጎርጎርዮሱ አቆጣጠር ነው። ሰዓቱ ደግሞ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የሚጻፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። አባላት ይህን በምርጫቸው ያስተካክሉታል፤ እርስዎ ግን በሒሳብ ይፍቱት። አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በ3 ትቀድማለች፤ የእኛ ቆጠራ ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ያንሳል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ካለው ቁጥር 3 ቢቀንሱ የኢትዮጵያን ሰዓት ያገኛሉ፦ 07:00 ካለ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ 15:00 ካለ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ከ12 ከበለጠ 12ን ይጣሉ፤ 20:00 ማለት ከሌሊቱ 5 ሰዓት ነው። አንድ ዜና በተሰማበት ቀን ጽሑፉ ከዜናው በፊት ይሁን በኋላ እንደተለወጠ ማወቅ ለሚፈልግ ጋዜጠኛ ይህ ትንሽ ስሌት ዋጋ አላት።

መጠኑ የሚለካው በባይት ነው። እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ እንዳይሳሳት፦ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ 300 የሚል አረንጓዴ ቁጥር ካዩ የተጨመረው ወደ 100 ፊደል፣ ማለትም ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ነው። የእንግሊዝኛውንና የአማርኛውን ጽሑፍ በባይት ብቻ ቢያወዳድሩ የአማርኛው ከእውነቱ በላይ ረጅም መስሎ ይታያል።

አሁን ሁለት ዕትሞችን ያነጻጽሩ። በየመስመሩ መጀመሪያ ካሉት ትንንሽ ክቦች በአሮጌው ዕትም ፊት አንዱን፣ በአዲሱ ፊት ሌላውን ምልክት ያድርጉና የማነጻጸሪያውን አዝራር ይጫኑ። በግራ አሮጌው፣ በቀኝ አዲሱ ጎን ለጎን ይቀርባል፤ የተሰረዘውና የተጨመረው በቀለም ተለይቶ ይታያል። የዛሬውን ከአንድ ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ማነጻጸር መልካም ልማድ ነው፤ በመካከሉ የነበረውን ግርግር ሁሉ ሳያነቡ ውጤቱን ብቻ ያያሉ።

ምን ይፈልጉ? ያለ ማብራሪያና ያለ ምንጭ የተለወጠ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠር ነገር ነው፤ የሕዝብ ብዛት፣ የትውልድ ዘመን፣ የቦታ ከፍታ፣ የሟቾች ቁጥር። አንዱ የጻፈውን ሌላው እየሰረዘ፣ እሱም እየመለሰ ብዙ መስመር የሞላ ከሆነ ጉዳዩ አከራካሪ ነውና በጽሑፉ ላይ የቆመውን ሐሳብ እንደ መጨረሻ ቃል አይውሰዱት። አንድ ሰው ብቻ በአንድ ጊዜ ጽፎት ከዚያ በኋላ ለዓመታት ማንም ያልነካው ከሆነም ይጠንቀቁ፤ ያልተነካ ጽሑፍ የተመረመረ ጽሑፍ ማለት አይደለም። በአማርኛው ዊኪፔዲያ የዚህ ዓይነቱ ስለሚበዛ ጸሐፊው ምንጭ መጥቀሱን ማየት የእርስዎ ፋንታ ይሆናል። ጽሑፉ ተበላሽቶ ካገኙት ደግሞ በዝርዝሩ ውስጥ ከመበላሸቱ በፊት ያለውን ቀን ይጫኑ፤ ያ ዕትም ሳይጓደል ይከፈትልዎታል።

ጠቅላላ መልኩን በአንድ ጊዜ ማየት ከፈለጉ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስለ ገጹ መረጃ የሚሰጠውን ይክፈቱ። መቼና በማን እንደተጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንደታረመ፣ ባለፉት 30 ቀናት ስንት ጊዜ እንደታየ እዚያ ሰፍሯል።

ክርክሩ የሚካሄድበት ገጽ

«ውይይት» የሚለው አዝራር ጸሐፊዎቹ የሚነጋገሩበትን ገጽ ይከፍታል። በአማርኛው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ስለ ኢትዮጵያ ታሪክና ፖለቲካ በእንግሊዝኛው ላይ ያሉት ግን አብዛኞቹ ሞቅ ያሉ ናቸው፤ የቦታ ስም እንዴት ይጻፍ፣ የትኛው የታሪክ መጽሐፍ ይታመን፣ የትኛው ወገን ስንት ሰው አጣ የሚለው ሁሉ የሚፋለመው እዚያ ነው። ገጹ ሲረዝም የቆዩት ውይይቶች ወደ መዝገብ ይዛወራሉ፤ ሊንካቸውን ከአናቱ ያገኙታል። ከዚያው ዘንድ ለጽሑፉ የተሰጠውን የጥራት ደረጃ የሚያሳይ ሣጥን አለ። ተማሪ ካለዎት ጽሑፉን ከማንበቡ በፊት ውይይቱን አስቀድሞ እንዲያነብ ያድርጉት፤ አንድ ጉዳይ ሁለት ፊት እንዳለው መምህር ሳይነግረው ይረዳል።

ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ

በመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ «ወዲህ የሚያያዝ» የሚለው ወደዚህ ጽሑፍ ሊንክ ያላቸውን ሌሎች ጽሑፎች በሙሉ ይዘረዝራል። ለአማርኛ አንባቢ በጣም የሚጠቅም መሣሪያ ይመስለኛል። በአማርኛው ዋናው ጽሑፍ አጭር ሆኖ ሳለ ቁም ነገሩ በሌሎች ገጾች ተበትኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለ ጣና ሐይቅ የሚያነብ ሰው በዋናው ገጽ ያጣውን ስለ ባሕር ዳር፣ ስለ ዓባይ፣ በደሴቶቹ ላይ ስላሉት ገዳማት፣ እዚያ ስለተቀመጡ ነገሥታት ከተጻፉት ሊያሰባስበው ይችላል። አንድ የቤት ሥራ ለመሥራት ይህን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች መመልከት ይበቃል።

ከጽሑፉ ግርጌ ያሉት መደቦችም ተመሳሳይ ርዕሶችን በአንድ ላይ ይሰበስባሉ። አንድ መደብ ከፍተው ከመሣሪያዎቹ «የተዛመዱ ለውጦች» የሚለውን ቢጫኑ በመደቡ ውስጥ ባሉት ጽሑፎች ላይ በቅርቡ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በአንድ ገጽ ያሳይዎታል። ቀይ ቀለም ያለው ሊንክ ጽሑፉ ገና ያልተጻፈ መሆኑን ይነግርዎታል፤ ቢጫኑትም የሚነበብ ነገር አያገኙም። በኮምፒውተር ላይ ሰማያዊ ሊንክ ላይ ማውሱን ቢያሳርፉ የጽሑፉ መግቢያ በትንሽ ሣጥን ብቅ ይላል። ማየት ካልወደዱ ሣጥኑ ላይ ያለችውን የጥርስ ጎማ ምልክት ተጭነው ያጥፉት። እንዲሁ ዕውቀት ለመቃረም ደግሞ ከዋናው ማውጫ ማናቸውንም ጽሑፍ የሚያወጣልዎትን ይምረጡ።

አንድን ጽሑፍ መከታተል ፈልገው አካውንት ስለሌለዎት የመከታተያ ዝርዝር ካልተፈቀደልዎት መውጫ አለ። የጽሑፉን ታሪክ ይክፈቱ፤ ከመሣሪያዎቹ ውስጥ አቶም የሚለውን ሊንክ ቀድተው በስልክዎ ወይም በኮምፒውተርዎ ባለ ከድረ ገጾች አዲስ ነገር በሚያሰባስብ ፕሮግራም (ፊድ ሪደር) ላይ ያስገቡት። በጽሑፉ ላይ ለውጥ በተደረገ ቁጥር ይደርስዎታል። ስለ ትውልድ ከተማው የተጻፈውን ለመጠበቅ ለሚፈልግ ሰው በቂ ነው።

በሌላ ቋንቋ

ዊኪፔዲያ ከ300 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች አለ፤ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛም ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አንዱ የሌላው ትርጉም አይደለም። እያንዳንዱን የሚጽፉት ሌሎች ሰዎች፣ ከሌሎች ምንጮች ነው። ስለዚህ የቋንቋዎቹ አዝራር ለንጽጽር የተመቸ ነው። በእስራኤል ያለ ተማሪ በዕብራይስጥ ያነበበውን አያቱ በአማርኛ ሊያነቡት ይችላሉ፤ ከዚያም በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ መወያያ ይሆናቸዋል።

ሲያነጻጽሩ የዘመን አቆጣጠሩን አይርሱ። የዓድዋ ድል በአማርኛ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝኛ ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ቢገኝ አልተጋጩም። ከመስከረም 1 እስከ ጎርጎርዮሱ ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ዓመት ነው። ዓመት ብቻ ተጽፎ ዓ.ም. ይሁን እ.ኤ.አ. ካልተገለጸ እውነተኛው ስሕተት የሚደበቀው እዚያ ነውና ቀኑን ከምንጩ ያጣሩ።

ጀርመንኛውን ዊኪፔዲያ የሚያነቡ አንድ የተለየ ነገር ይጠብቃቸዋል። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ አካውንት የሌለው አንባቢ የሚያየው ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች አይተው ያለፉትን የመጨረሻ ዕትም ነው። አዲሱ ለውጥ ገና ካልታየ አይወጣልዎትም። ማየት ከፈለጉ በታሪኩ ውስጥ ያገኙታል።

ሲጠቅሱና ሲያጋሩ

ለመመረቂያ ጽሑፍ ወይም ለመጽሔት ከዊኪፔዲያ የሚጠቅሱ ከሆነ በብሮውዘሩ አናት ላይ ያለውን አድራሻ አይቅዱ፤ ነገ ሌላ ነገር ሊጻፍበት ይችላል። ከመሣሪያዎቹ «ቋሚ መያያዣ» የሚለውን ይጫኑ። የሚሰጥዎት አድራሻ አሁን እያነበቡት ያለውን ዕትም ብቻ ለዘለቄታው የሚያሳይ ነው። ገጹን ለመጥቀስ የሚያገለግለው ሌላ ሊንክ ደግሞ የታወቁትን የአጠቃቀስ ሥርዓቶች ተከትሎ ተዘጋጅቶ የተጻፈ ጥቅስ ያቀርብልዎታል። ለተማሪዎች ግን የምመክረው ወደ ጽሑፉ ግርጌ ወርደው ምንጮቹን ራሳቸውን እንዲያነቡና እነሱን እንዲጠቅሱ ነው፤ መምህራንም የሚጠብቁት ይህን ነው።

የአማርኛ ጽሑፍ አድራሻ በቴሌግራም ለሰው ሲልኩ ወደ መቶኛ ምልክትና ቁጥር ተለውጦ ማለቂያ የሌለው ሰንሰለት ሲሆን አይተው ይሆናል። ይህም ከ3ቱ ባይት የመጣ ነው። እያንዳንዱ ፊደል 9 ምልክት ስለሚወጣው «ኢትዮጵያ» የሚለው ባለ 5 ፊደል ቃል ብቻ 45 ምልክት ይሆናል። ከመሣሪያዎቹ ውስጥ አድራሻ የሚያሳጥረውን ይጠቀሙ፤ አጭር ሊንክ ይሰጥዎታል። ከአጠገቡ ያለው ደግሞ በስልክ ካሜራ የሚነበብ ኪውአር ኮድ ያወጣል፤ መምህር ኮዱን አትሞ በክፍሉ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፈው ተማሪው ረጅም አድራሻ መገልበጥ ይቀርለታል።

ኔትወርክ በማያስተማምንበት ቦታ ለሚኖር ሰው ሦስት አማራጮች አሉ። ጽሑፉን በፒዲኤፍ ማውረድ አንዱ ነው። የዊኪፔዲያ የስልክ መተግበሪያ ደግሞ ሳይገቡበት ጽሑፎችን በስልኩ ላይ ያስቀምጥልዎታል። ሦስተኛው ኪዊክስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ሙሉውን የአማርኛ ዊኪፔዲያ በአንድ ፋይል አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ያስችላል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሎቹ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል፤ የአማርኛው ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ስለሆነ ለትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ማከፋፈል ቀላል ነው።

ስሕተት አግኝተው ለማረም ሲፈልጉ

አብዛኛው ጽሑፍ ለእርስዎም ይታረማል። በማረሚያው ምትክ ምንጩን ለመመልከት ብቻ የሚፈቅድ አዝራር ካዩ ገጹ ተጠብቋል ማለት ነው፤ ያኔ ስሕተቱን ከነማስረጃው በውይይት ገጹ ላይ ይጻፉ። እንግሊዝኛው ላይ አካውንት የሌለው ሰው ከ2005 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ጽሑፍ መፍጠር አይችልም፤ ያለውን ማረም ግን ይችላል። ርዕስ መቀየርና ፎቶግራፍ የዊኪፔዲያ ሥዕሎች ወደሚቀመጡበት ወደ ዊኪሚዲያ ኮመንስ መስቀል አካውንት ይፈልጋል። አካውንቱ የሚጠይቀው የመጠሪያ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ነው፤ ኢሜይል መስጠት በፈቃድ ነው።

ከማረምዎ በፊት ከጽሑፉ ሣጥን በላይ የሚወጣውን ማስጠንቀቂያ ያንብቡ። በድሮው አሠራር ያለ አካውንት ያረመ ሰው የአይፒ አድራሻው በታሪክ ገጹ ላይ ለዓለም ሁሉ ይታይ ነበር፤ ከአድራሻው የሚኖርበትን አገር፣ አንዳንዴም ከተማውን መገመት ይቻላል። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በየቋንቋው ደረጃ በደረጃ በገባው አዲስ አሠራር ግን ጊዜያዊ አካውንት በራሱ ይከፈትልዎታል፤ በአይፒው ፈንታ ዓመትና ቁጥር ያለው መጠሪያ ይወጣል። አይፒውን ማየት የሚችሉት ጥፋት የሚቆጣጠሩ የተወሰኑ ሰዎች ብቻ ናቸው። የትኛው እንደሚሠራብዎት ማስጠንቀቂያው ይነግርዎታል። በሚጽፉበት ጉዳይ ምክንያት ማንነትዎ እንዲታወቅ የማይፈልጉ ከሆነ ይህን ሳያነቡ አንድ ፊደል አይንኩ።

ምንም ሳያደርጉ ማረም እንደታገዱ የሚገልጽ መልእክት ቢያገኙ አይደንግጡ። የሞባይል ኔትወርኮች ብዙ ደንበኞችን በአንድ አይፒ ስለሚያወጡ የሌላ ሰው ጥፋት ለእርስዎ ተርፎ ይሆናል። እገዳው ማረምን እንጂ ማንበብን አይከለክልም።

ጊዜያዊው አካውንት የሚቀመጠው በብሮውዘሩ ውስጥ ሲሆን ለ90 ቀናት ይቆያል። በኢንተርኔት ካፌ ወይም በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ አርመው ሳይዘጉት ቢነሡ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው የሚጽፈው ሁሉ በእርስዎ መጠሪያ ይመዘገባል። ሥራዎን ሲጨርሱ ከገጹ አናት ላይ ከጊዜያዊው አካውንት የሚያስወጣዎትን ሊንክ ይጫኑ፤ ከዚያም የብሮውዘሩን ታሪክ አጥፍተው ይነሡ።